«ማን ያርሳል?» — የተራ ርዝመትና የወቅት ነገር በታሪካዊ የስትራቴጂ ጌሞች

የማርቆስ_ልጅ (ደብረ ማርቆስ) — ሐምሌ 12፣ ማታ 3:40

እንዴት ናችሁ ወገን። ከሰሞኑ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው ክር የከፈትኩት።

አባቴ ከማቻከል ለሕክምና መጥተው እኛ ቤት አርፈዋል። ቅዳሜ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው የላፕቶፑ ድምፅ እንኳ አይሰማም። እኔ ሚዲቫል ቱ ቶታል ዋር የሚባለውን የጦር ጌም ከፍቼ ሚላንን ከብቤያለሁ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላዬ ቆመው ብዙ ሲያዩ ቆዩና፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ይጠብቃሉ?» አሉኝ።

«ከተማዋ እስክትራብ ነው አባዬ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ከታች የተጻፈውን አየሁት። ስድስት ተራ፤ እኔና ጠላት እየተፈራረቅን የምንንቀሳቀስበት ዙር ማለት ነው። አንዱ ተራ ሁለት ዓመት ነው። አፌ ላይ እንደመጣልኝ «አሥራ ሁለት ዓመት» አልኳቸው። አልሳቁም። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆመው? ማን ያርሳል?» ብለው ወደ ምድጃው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ጌሙ አልገባልኝ አለ። ተራ በጨረስኩ ቁጥር «ማን ያርሳል» የሚለው ይመጣብኛል። አስቡት፣ የመጀመሪያው ሮም ቶታል ዋር ላይ አንድ ዓመት ሁለት ተራ ነበር፤ በጋና ብርድ። ካርታው በረዶ ሲለብስ ሰውነቴ ራሱ ይበርደው ነበር። ሾጉን ቱ ላይ አራት ወቅት አለ፤ ብርዱ ሲመጣ ጠላት አገር ላይ የቆመ ጦር ይረግፋል፣ ስለዚህ ከወዲሁ ታስባለህ። ሮም ቱ ሲወጣ ግን አንድ ተራ አንድ ዓመት ሆነ፤ ጄኔራሌን ወድጄ ስም አውጥቼለት ገና ባሕር ሳይሻገር አረጀብኝ።

እናንተስ? የተራው ርዝመት ያን ያህል ይሰማችኋል ወይስ እኔ ብቻ ነኝ ያበድኩት?

---

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር) — ሐምሌ 12፣ ማታ 4:05

አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ፤ ነገር ግን ጌም ነው ወንድሜ። እኔ ሲቪላይዜሽን ሲክስ ነው የምጫወተው። መጀመሪያ ላይ አንዱ ተራ 40 ዓመት ነው። ጦረኛዬ አንድ ኮረብታ ዞሮ ለመመለስ 80 ዓመት ይፈጅበታል፣ ደሞ አይሞትም! ማን ግድ አለው? «አንድ ተራ ብቻ» እያልኩ ዶሮ ይጮህብኛል። ከዚህ በላይ ምን መመሰጥ አለ?

---

አደይ_ዘቢቸና — ሐምሌ 12፣ ማታ 4:31

ጣና ዳር፣ አንተ ያልከው ሱስ ነው፤ እሱ ያለው ሌላ ነው 😄 ጠላም እንደዚያው ያስቀምጣል።

እሱ የሚጠይቀው እዚያ ዘመን ውስጥ የመሆን ስሜት ነው። ያ ስሜት ለእኔ የመጣው ቶታል ዋር ትሪ ኪንግደምስ የሚባለው ጌም ላይ ነው። አንድ ዓመት አምስት ተራ አለው። አራት አላልኩም፣ አምስት! በበጋቸውና በበልጋቸው መካከል «መኸር» የሚባል አንድ ራሱን የቻለ ተራ አስገብተዋል። ያኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ጦሬን ከመኸር በፊት አላስነሣም። ጌሙ አስገድዶኝ አይደለም፣ ዝም ብሎ አያስችለኝም። ካርታው ወርቅማ ሲሆን ኅዳር ላይ እኛ ሰፈር ጤፍ አጨዳ ሲደርስ ያለው ሽታ ይመጣብኛል። ዘጠና ስድስት ተራ ብቻ የተጫወትኩት ጌም ነው፣ ግን እንደኖርኩበት ነው የማስታውሰው።

የወቅቶቹን ስም ግን አስተርጓሚ የለንም። ትምህርት ቤት «ስፕሪንግ ማለት ጸደይ» ብለው ሲያስተምሩን የኛ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 መሆኑን፣ አደይ አበባው ያለው ግን መፀው ውስጥ መሆኑን የነገረን የለም። ስሜ አደይ ሆኖ እስከ ዘጠነኛ ክፍል «ጸደይ ላይ ነው የምፈካው» እል ነበር።

---

ሞደሩ_ከቡሬ — ሐምሌ 13፣ ጠዋት 1:15

ማርቆስ፣ ሚዲቫል ቱ ላይ ያንተ ችግር ከምታስበው የባሰ ነው። ተራው ሁለት ዓመት ቢሆንም ሰዎቹ የሚያረጁት በተራ ግማሽ ዓመት ብቻ ነው። በ1080 እ.ኤ.አ. ሃያ ዓመቱ የነበረ ንጉሥ ከ85 ተራ በኋላ 62 ዓመቱ ይሆናል፤ ዘመኑ ግን 1250 ደርሷል። ጌሙ ራሱ ያፈረ ይመስለኛል፤ ዓመተ ምሕረቱን ደብቆ የተራ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳይህ።

ማስተካከል ይቻላል። ዴስክር ስትራት የሚባለውን ፋይል በኖትፓድ ክፈተው። ታይምስኬል የሚል መስመር ታገኛለህ፣ አጠገቡ 2.00 አለ። 0.50 አድርገው። አንድ ዓመት ሁለት ተራ ይሆናል፣ ሰውና ዘመን እኩል ያረጃሉ። ከመንካትህ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ፤ የድሮ ሴቭህ ላይ አይሠራም፣ አዲስ ዘመቻ መጀመር አለብህ።

ግን ዋጋ አለው። ከ1080 እስከ 1530 ያለው 225 ተራ የነበረ 900 ይሆንብሃል። ሕንፃ የሚቆጠረው ደግሞ በተራ ነው፤ ድሮ ስምንት ዓመት የፈጀ ቤተ ክርስቲያን አሁን በሁለት ዓመት ያልቃል። አንዱን ክር ስትስበው ሌላው ይተረተራል። እኔ ሦስት ጊዜ እንደዚህ ጀምሬ 200ኛው ተራ ላይ እንኳ አልደረስኩም።

---

ጣና_ዳር — ሐምሌ 13፣ ጠዋት 2:02

ይኸው! 900 ተራ! ማርቆስ ሲጨርስ እሱም 62 ዓመት ይሞላዋል።

---

ጡረተኛው_መምህር (ፍኖተ ሰላም) — ሐምሌ 13፣ ከሰዓት 9:20

ልጆች፣ እኔ ከልጅ ልጄ ጋር ነው ጌም የጀመርኩት፤ ከስህተት ብናገር ታርሙኛላችሁ። ታሪክ ግን ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁና የማርቆስ አባት ጥያቄ ደስ አሰኘኝ።

ቋንቋችንን ብቻ ተመልከቱት። «እንዴት ከረምክ» እንላለን፤ ክረምቱን እንዴት አሳለፍክ ማለት ነው። «እንዴት ባጀህ» ደግሞ በጋውን። የሚመጣውን ዓመት «ከርሞ» እንለዋለን። ስለዚህ የኛ ዓመት ሁለት ተራ ነው፤ መክረምና መባጀት። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። በአንዱ ይዘመታል፣ በሌላው ይቀመጣል። የድሮ ነገሥታት ድንኳን እየነቀሉ ሲዞሩ ኖረው ክረምት ሲመጣ መክረሚያ ይፈልጉ ነበር። በጣና ዙሪያ የነበሩት መክረሚያዎች ናቸው ኋላ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ወደ መቆርቆር ያደረሱት።

አሁን የዓድዋን ዘመቻ በወር ቁጠሩልኝ። ክተቱ በመስከረም 1888 ታወጀ፤ ዝናቡ ሊያባራ ሲል። በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሡ። አምባላጌ ኅዳር 28። መቀሌ ጥር ላይ ተለቀቀ። ዓድዋ የካቲት 23። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ጦር ይዘው እዚያው ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ በጋ ያለቀ ነገር ነው! የማርቆስ ጌም ላይ ቢሆን የአንድ ተራ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ጣልያን በ1928 የገባውስ? መስከረም 22። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ነው መረብን የተሻገረው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ላይ ደረሰ። ያም አንድ በጋ ነው።

ከዚህ የተነሣ የማርቆስን ቅሬታ በግማሽ ነው የምቀበለው። «አንድ ተራ አንድ ዓመት» በራሱ ስህተት አይደለም። ለኛ አገር እንዲያውም ልክ ነው፤ አንድ ዓመት አንድ ዘመቻ። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው።

---

የማርቆስ_ልጅ — ሐምሌ 13፣ ማታ 1:48

መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «ከረመ»ን በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ እያልኩት።

ስህተቱ የት ነው ይላሉ ታዲያ?

---

ጡረተኛው_መምህር — ሐምሌ 13፣ ማታ 2:30

እርምጃው ላይ ነዋ። አንድ ዓመት ሰጥተኸው ሠራዊቱ የሁለት ሳምንት መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ውሸቱ ይታወቃል። ምኒልክ ከአዲስ አበባ ዓድዋ በአምስት ወር ውስጥ ደርሰው፣ ጦራቸው በመንገድ አምባላጌ ላይ ተዋግቶ፣ መቀሌንም ከብቦ አስለቅቋል። የልጅ ልጄ ጌም ላይ ይህ መንገድ ስምንት ተራ ይፈጃል፤ ስምንት ዓመት! ከአዲስ አበባ የተነሣው ሕፃን ደጀን ጠባቂ ዓድዋ ሲደርስ ሚስት አግብቷል።

---

ሞደሩ_ከቡሬ — ሐምሌ 13፣ ማታ 3:10

መምህር ዋናውን ነጥብ ነው የመቱት። ሞድ የሚሠሩ፣ ማለትም ጌሙን እንደፈለጉ የሚለውጡ ሰዎች ይህንኑ ነው የሚታገሉት። የእርምጃውን ርቀት ጨምረህ ተራውን ብትተወው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ጠላት ሳታየው ከካርታው ጫፍ መጥቶ ከተማህን ይይዛል፣ አንተ መልስ የምትሰጥበት ተራ የለህም። ተራ ማለት እኮ ሌላው ሰው ሲንቀሳቀስ አንተ እጅህ የታሰረበት ጊዜ ነው። ተራው ሲረዝም እጅህ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ለዚህ ነው ናፖሊዮን ቶታል ዋር ላይ አንዱን ተራ ሁለት ሳምንት ያደረጉት። አንድን ሰውና ጥቂት ዓመታትን ስለሚከተል ያዋጣዋል። አራት መቶ ዓመት በዚያ ልሂድ ብትል ግን አይሆንም። እንግዲህ መጀመሪያ መወሰን ያለበት የማንን ዕድሜ ነው የምጫወተው የሚለው ነው፤ የሰው ነው የመንግሥት?

የኛን አካባቢ ካነሣችሁ ደግሞ የቡሬን ነገር ልጨምር። በ1933 ጃንሆይ ጥር 12 በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ሲመጡ፣ አብሯቸው የመጣው ጦር ስንቁን የጫነው ከሱዳን በመጡ ግመሎች ነበር። ግመል የበረሃ ከብት ነው። ቆላውን ለቆ ደጋውን መውጣት ሲጀምር ብርዱና አቀበቱ ፈጃቸው፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ያም ሆኖ ቡሬን፣ ደምበጫን አልፈው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ያም በአንድ በጋ።

ጌሞቹ ጦር የሚያረግፉት አብዛኛውን ጊዜ በበረዶና በበረሃ ነው። ቆላ የለመደ ደጋ ሲወጣ የሚሞተውን የሚቆጥር አላጋጠመኝም።

---

አደይ_ዘቢቸና — ሐምሌ 13፣ ማታ 3:55

ጭቃውንስ ማን ይቆጥራል? ጌሞቹ የሚያውቁት «ክረምት» ነጭ ነው። የኛ ክረምት ቡናማ ነው። ከቢቸና ወደ እነማይ ገጠር በነሐሴ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁሩ አፈር ጫማ ያወልቃል። በቅሎ ሆዷ ድረስ ትገባለች። እኔ በልጅነቴ አንድ እግር ላስቲክ ጫማ እዚያ ቀብሬ መጥቻለሁ፣ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ደግሞ ወቅቱ የተገለበጠ ነው። እነሱ ዘመቻ የሚወጡበት ሰኔና ሐምሌ ለኛ መክረሚያ ነው። እነሱ እሳት ዳር የሚቀመጡበት ታኅሣሥና ጥር ለኛ መዝመቻ። አንድ ካርታ ላይ ሮማንም ኢትዮጵያንም አድርገህ «አሁን ዊንተር ነው» ብትል ከሁለቱ አንዱን ዋሽተሃል።

---

ጣና_ዳር — ሐምሌ 14፣ ጠዋት 3:12

እሺ፣ ትንሽ ልሸነፍ። ማታ ሲቪላይዜሽን ስጫወት ይህ ክር ትዝ አለኝና ሳቅኩ። የጋዘሪንግ ስቶርም ማስፋፊያ ላይ ወንዝ ይሞላል፤ እርሻህን ያጠፋና በምትኩ መሬቱን ያለመልምልሃል። ምኒልክን ይዤ ኮረብታ ላይ ሰፍሬ፣ ወንዝ ዳር ያለው ጎረቤቴ በየጎርፉ እህሉ ሲጨምር አያለሁ።

ይሄ የኛ ታሪክ አይደለም እንዴ? ጮቄ ላይ ያለው አፈር በሐምሌ እየተነሣ ሄዶ የሌላ አገር እርሻ ሲሆን ኖሯል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፣ ግንዱ እንኳ በቀረ። ጌሙ የሠራው ለተቀባዩ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያጣውን የሚያሳይ ቢሆን ጎጃሜ ሁሉ አልቅሶ ይዘጋው ነበር።

40 ዓመቱ ተራ ግን አሁንም አይከብደኝም።

---

ጡረተኛው_መምህር — ሐምሌ 14፣ ከሰዓት 8:05

«ማን ያርሳል» ለሚለው አንድ ነገር ልተውላችሁ። ከዓድዋ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ክፉ ቀን ነበር። የከብት በሽታው በሬውን ፈጀው፤ ሰው በቁፋሮ ለማረስ ሞከረ፤ ረኃቡ እስከ 1884 ገደማ ቆየ። ዓድዋ ላይም የሁለቱም ወገን ጦር ስንቁ አልቆበት ነበር፤ የጣልያኑን ጄኔራል ባራቲየሪን ወደ ውጊያው ከገፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ማርቆስ፣ አባትህ የጠየቁት የቀልድ ጥያቄ አይደለም።

ሌላም አለ፤ እምባቦ። ግንቦት መጨረሻ፣ 1874። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዓባይን ተሻግረው ሆሮ ጉድሩ ላይ ከምኒልክ ጋር ገጠሙ፤ ተሸነፉ፣ ቆስለውም ተማረኩ። ወሩን አስተውሉት። ክረምት በር ላይ ነው። ከኋላቸው ያለው ዓባይ ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ጦርነት በዓመት ተራ ብትጫወተው አንድ የዳይስ ውርወራ ነው። በወር ተራ ብትጫወተው ግን ጀርባህ ላይ ወንዝ ሲሞላ ይሰማሃል።

---

የማርቆስ_ልጅ — ሐምሌ 16፣ ማታ 2:20

ሁለት ቀን መብራት አልነበረም። ተራ አስጨርሼ ሳልመዘግብ ነው የጠፋው። ሰኔና ሰኞ ሆነብኝ።

መብራት ሲጠፋ ግን አንድ ጥሩ ነገር ሆነ። ከአባቴ ጋር እሳት ዳር ቁጭ ብለን፣ «ድሮ ከኛ ሰፈር ማርቆስ ገበያ ስንት ሰዓት ያስሄድ ነበር?» አልኳቸው። «መቼ?» አሉኝ። እኔ የጠየቅኩት ርቀት ነው፣ እሳቸው ወር ይጠይቁኛል! «በጥር ከሆነ ጠዋት ወጥተህ ምሳ ሰዓት ገበያ ነህ። በነሐሴ ከሆነ ጨሞጋ ወንዝ እስኪጎድል ነው።» እና እስኪጎድል ስንት ጊዜ ነው ስላቸው፣ «እሱ ያውቃል። አንዳንዴ እስከ ማታ፣ አንዳንዴ ዘመድ ቤት ታድራለህ። አንዴ እኔና አጎትህ በርበሬ ጭነን ሦስት ቀን አድረናል። በርበሬው ሻገተ።»

በዚህ ላይ ተነሥቼ የቤት ሕግ አወጣሁ። በሞደሩ ምክር ታይምስኬሉን 0.50 አድርጌዋለሁ፣ ሁለት ተራ በዓመት። ጌሙ በጋና ብርድ ይለዋል፤ እኔ መባጀትና መክረም ብዬዋለሁ። በመባጀት ተራ እንደልቤ እዘምታለሁ። በመክረም ተራ ግን፦ ጦር ወንዝ አይሻገርም፣ አዲስ ከበባ አልጀምርም፣ ከአገሩ ውጭ ያለ ጦር ካለ ያለበት ይከርማል። በዚያ ተራ የምሠራው ግብር መቀነስ፣ ልጅ መዳር፣ መልእክተኛ መላክ፣ ሕንፃ ማስጀመር ብቻ ነው።

እስካሁን 31 ተራ ሄጃለሁ። የሚገርመው፣ ጦርነቶቼ ቀነሱ፣ እያንዳንዱ ግን ከበደኝ። አንዱ መባጀት ላይ ከተማ ለመያዝ አንድ ቀን መንገድ ሲቀረኝ ተራው አለቀ። ድሮ ቢሆን «ኔክስት» ብዬ እቀጥላለሁ። አሁን ግን ጦሬን ጠላት አገር ላላከርም ብዬ መለስኩት። በመመለሴ ተናደድኩ፣ ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ ተነሥቼ ዞርኩ። በሰባት ዓመት ጌም መጫወቴ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

---

አደይ_ዘቢቸና — ሐምሌ 16፣ ማታ 2:44

ይሄ ነው! ማሸነፍ ሳይሆን መመለስ።

አንድ ማሻሻያ ግን፦ ልጅ መዳሩን ከመክረም አውጣው። በሐምሌ ማን ይድራል? ሠርግ ጥር ላይ ነው። ንጉሥህ በጾመ ፍልሰታ ሊድር ነው እንዴ?

---

የማርቆስ_ልጅ — ሐምሌ 16፣ ማታ 2:50

ልክ ነሽ። ወደ መባጀት አዛውሬዋለሁ። ሁለቱ ሙሽሮቼ በፍልሰታ መዳራቸውን ለማንም እንዳትናገሪ።

---

ሞደሩ_ከቡሬ — ሐምሌ 17፣ ጠዋት 1:30

ሕጉ ጥሩ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። ኮምፒውተሩ ሕግህን አያውቅም። አንተ ስትከርም እሱ ይዘምታል። ለእሱ ሐምሌ የለም።

---

የማርቆስ_ልጅ — ሐምሌ 17፣ ጠዋት 1:52

አውቃለሁ። ቬኒስ ሁለት ከተማ ወስዳብኛለች። ቬኒስ ማረስ አታውቅም ብዬ ይቅር ብያታለሁ።

---

ሞጣ_ቀራኒዮ — ሐምሌ 17፣ ከሰዓት 10:15

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ጥያቄ አለኝ፦ «ጦር በመክረም ወንዝ አይሻገርም» ብለሃል። ድልድይ ካለስ?

---

የማርቆስ_ልጅ — ሐምሌ 17፣ ማታ 1:05

ድልድይ ካለ ይሻገራል። ካርታው ላይ ድልድይ በግልጽ ይታያል፣ እሱን እቀበላለሁ።

---

ሞጣ_ቀራኒዮ — ሐምሌ 17፣ ማታ 1:20

ተጠንቀቅ ወንድሜ። ካርታ ላይ የሚታይ ሁሉ ድልድይ አይደለም። እኛ ጋ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ፤ ካርታው ሁሉ «ድልድይ» ይለዋል፣ ሰው ግን ስንት ዘመን በገመድ እየተሳበ ነው የተሻገረበት።

---

ጡረተኛው_መምህር — ሐምሌ 17፣ ማታ 1:41

በገመድ የሚሻገር ጦር በአንድ ተራ ስንት ሰው ነው? ሞደሩ፣ እስቲ ይህንን አስላልን።